ጋራዡ የአማቼ ነው

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ውሃ ጨመርኩ። ዘይት አየሁ፤ ጎድሏል፤ ጨመርኩ። የኋላ ግራ ጎማ ተንፍሷል፤ ነፋሁ። ፊቴን የታጠብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባሌ ጀማል ከመስኮት ሆኖ ያየኛል። ለእኔ እንዲህ ማልደሽ ተነስተሽ አታውቂም ይላል። አንተ ዘይት አታፈስም አልኩት።

አንቺ አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ልንገርሽ። ቅቤ ነጋዴ ነኝ። መኪናዬ ነጭ ዲኤክስ ናት፣ ከልጄ ከሰሚራ በዕድሜ ትበልጣለች። የሆሳዕና ሰው አንድ ሐሙስ ነው የቀራት ይላል። ስንቱ ሐሙስ አለፈ! እሷ ባትኖር ቅቤ የምገዛው ከደላላ ነው፤ ደላላ ደግሞ ውሃውንም ቅቤ ብሎ ይሸጥልሻል። እሷ ስላለች ፎንቆ ገበያ ድረስ ሄጄ፣ ከባለላሟ እጅ፣ በኮባ የተጠቀለለውን ገልጬ፣ አሽትቼ እገዛለሁ። መስቀል እየደረሰ ነው። እኛ ባናከብረውም የዓመቱ ትልቁ ገበያዬ እሱ ነው።

ልሂድ። ዝናብ ሳይቀድመኝ።

እዚያው ቀን፣ ማታ

ቀደመኝ። ስመለስ ዳገቱ ላይ ጋለች። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እንፋሎት። ዣንጥላ ይዤ እስክትበርድ ጠበቅኋት። ሆሳዕና ስገባ ቅቤዬን የሚወስዱት ሆቴሎች ከሌላ ገዝተዋል።

ጀማል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሾኔ ከተማ፣ መኪና መግዛት የሚፈልግ ሰው አለ አለኝ። መኪናዋ የሁለታችንም ናት፤ ድምፅ አለው። ተስማማን፦ አንዴ ደግማ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች። እሺ አልኩ። አትቆምማ!

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ጋራዥ። ጋሽ ከድር አማቼ ናቸው፤ ሰሚራ ያገባችው የእሳቸውን ልጅ ነው። (ከዚህ በኋላ ጋሽ ከ.፤ እጄ ደክሟል።) ከሠርጉ ወዲህ ለእጃቸው ሰባራ ሳንቲም አይቀበሉኝም። አማች ለአማች ዋጋ ይቆርጣል ወይ ይላሉ። ዕቃውም እንዳይከብደኝ ብለው ያገለገለ ፈልገው ይገጥሙልኛል። ዛሬ የውሃ ፓምፕ፣ ያገለገለ። ባለፈው ወር ራዲያተር፣ ያገለገለ። ከዚያ በፊት ዲናሞ፣ እሱም ያገለገለ። አንድ በአንድ ሲታይ ርካሽ ነው። ሲደመር ግን የቅቤው ትርፍ የሚያልቀው እዚያ ኮፈን ሥር ነው።

አዲስ ይግጠሙልኝ ልል ፈለግኩ፤ ምላሴ ታሰረ። በነፃ የሚሠራልሽን ሰው ሥራህ አይረባም ማለት አይደል? እሳቸውም አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና የሰሚራን ደህንነት ጠየቁኝ። ሰሚራ እኮ የምትኖረው እሳቸው ግቢ ነው!

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ዱራሜ፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ቅቤ አድርሼ አንድ ነገር አደረግኩ። ለማንም አትንገሪ። የማላውቀው ጋራዥ ገባሁ። ማንም የማያውቀኝ አገር፣ ምን ነውር አለው?

ሰውዬው አስነሳት፣ አዳመጠ፣ የውሃውን ክዳን ከፍቶ አየ። አረፋ። ውሃና ጭስ መገናኘት በሌለበት ቦታ እየተገናኙ ነው። የሞተሩ ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉት፣ ወርዶ ይስተካከል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል አለ። መጋል የጀመረችው በሰኔ ነው ስለው፣ ከዚያ ጀምሮ እንዲህ ሳትሆን አትቀርም አለ። ፓምፕ መቀየር ትኩሳት ላለበት ሰው ጫማ እንደመቀየር ነው አለ። ከዚያ ያገለገሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየ፣ ማነው እንዲህ የቀለደብሽ አለኝ።

ደሜ ፈላ። በመኪናዋ አይደለም፣ በሰውዬው። ጋሽ ከ. የቀለዱብኝ መሰለው! ኮፈኑን ዘግቼ፣ የማየቱን ከፍዬ ወጣሁ። ግን ልክ ነው ያለው። መንገዱን ሁሉ ያብሰለሰለኝ እሱ ነው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር። ወሬ ከዲኤክስ ይፈጥናል። የጋሽ ከ. ጎረቤት ሚኒባስ ይነዳል፤ ዱራሜ ጋራዥ ውስጥ አየኝ።

ሰሚራ እያለቀሰች ደወለች። አማቿ ምሳ አልበሉም። የሰሚራ እናት እጄን ናቀችው ብለው ወጥተው ሄዱ። የባሏ አክስቶች ፊታቸውን አዙረውባታል። እማዬ ምን ነካሽ አለችኝ። ምን ልበላት? ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበድሬ!

ጀማል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። የሾኔው ሰው ዓርብ ይመጣል። መኪናዋን ብንሸጥ ጋራዥም የለ፣ ቅሬታም የለ፣ ልጅቷም ታርፋለች ይላል። ነገሩ እውነት አለው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

አልሠራሁም። ቤት ተቀምጬ አሰብኩ።

ጋሽ ከ. ከሆሳዕና መካኒክ ሁሉ አይተናነሱም። የዱራሜው ሰው ባንድ ጊዜ የሰማውን እሳቸው እንዴት ሳይሰሙ ቀሩ? ሰምተዋል! ያለፈው ረቡዕ አፋቸውን የከፈቱት እሱን ሊነግሩኝ ነው። ለአማች እንዲህ ያለ ወጪ መንገር ጨንቋቸው ዋጡት። እኔ ደግሞ መጠየቁ ጨንቆኝ ዋጥኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ሁለት ሆነን ነው የደበቅነው። ተከባብረን ተከባብረን መኪናዋን ልንገድላት።

ሽማግሌ ልላክ? ለሞተር ሽማግሌ! ሰው ይስቅብናል። ራሴ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድኩ።

ከጋሽ ከ. ጋር የምናወራው ሁሌ በሀዲይኛ ነው። በሱ ከጀመርኩ መጀመሪያ የቤተሰቡ ሰላምታ፣ ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ በአማርኛ ጀመርኩ፣ በገበያ ቋንቋ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ሠራተኞቹ ዞረው አዩኝ። ጋሽ ከ. መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«ጋሽ ከድር፣ መኪናዬ ቴስታታዋ ይውረድ። ዕቃው አዲስ ይሁን። የእጅዎን ካልነገሩኝ ቁልፉን አልሰጥም» አልኩ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

ከዚያ በአማርኛ መለሱልኝ። ከሰኔ ጀምሮ ያውቃሉ። ሠርጉ ያራቆተን መስሏቸው፣ ገንዘብ እስክይዝ በጥገና ሊያቆዩልኝ ነበር። ዱራሜ የሄድኩት እጃቸውን ንቄ ሳይሆን አፍሬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የኔም። ከዚያ ዋጋ ጠሩ።

የአንዲት ጊደር ዋጋ! ጮህኩ። በፎንቆ ገበያ የማውቀውን ሁሉ አመጣሁባቸው። እሳቸውም ወደኋላ አላሉም፤ ሴትዮ፣ እኔ ቅቤ አልሸጥም፣ አሉኝ። ሴትዮ! ከሠርጉ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ቀነሱ፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ ቁልፉን ሰጠሁ።

ማታ ሰሚራ ደወለች። አማቿ ሁለት ሰው የሚበቃ እራት በልተዋል።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

የሾኔው ሰው ትናንት መጣ። ጀማል ጋራዥ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኳቸው። መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ፣ የሞተሯ ራስ ሸራ ላይ ተቀምጦ አገኛት። ይቺን ነው እንዴ የምትሸጡልኝ አለ። አንሸጣትም አልኩት። ጀማል ስምምነታችንን አነሳ። መንገድ ላይ አልቆመችም፣ ያስቆምኳት እኔ ነኝ አልኩት። አሰበ። አሰበና ሰውዬውን ሻይ ጋበዘው።

ቤት የነበረችኝን አንዲት ጊደር ሸጥኩ። አልጸጸትም። ጊደር ፎንቆ አታደርሰኝም። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ገበያ ለመኪናዋ ድርሻዋን አስቀምጣለሁ፤ እንደ ባልደረባ፣ ሳትታመም በፊት።

ይኸው ስልክ። ጋሽ ከ. ናቸው።

ፍሪሲዮኑም፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው፣ አልቋል አሉኝ። ምንም ሳያለሳልሱ፣ ምንም ሳይፈሩኝ፣ ገና ሰላም ሳይሉኝ። እንዲህ ደስ የሚል መጥፎ ዜና ሰምቼ አላውቅም። አዲስ ይሁን አልኩ። ዋጋውን ጠሩ። አይሆንም አልኩ። ውጪና ሌላ ጋራዥ ጠይቂ አሉኝ! መጣሁ ብያለሁ፤ ጫማዬን ላድርግና