የባለቤቱ ፈቃድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ናፍቆታችን ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ደህና ነው። ዘንድሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ የኖሩትን የመመረቂያ ጥናቶች ስካን እያደረግን፣ ማንም በነፃ እንዲያነባቸው ኢንተርኔት ላይ እንለቃለን። ባለፈው ሳምንት ተራው የአባባ ሆነ፤ ያ በልጅነትህ ሽፋኑ ላይ ቀለም የደፋህበት የጉድጓድ ውኃ ጥናታቸው! ደንባችን የጸሐፊውን ፊርማ ስለሚጠይቅ ቅጹንም ጥናቱንም ይዤ ቤት ሄድኩ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ምሳ ሰዓት አነበቡት። “ጎበዝ ሰው ነው፤ አንድም ጉድጓድ አላለፈው” አሉኝ። ቅጹን ሳቀርብላቸው ግን ተቆጡ።

“በሰው ልፋት ላይ እኔ ልፈርም? ባለቤቱን ፈልገሽ አስፈቅጂ እንጂ!”

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እማዬ ግን ሳትስቅ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፤ ብዙ ቆየች።

አለቃዬ “ልጃቸው አይደለሽ? ስለ እሳቸው ፈርሚ” አለችኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እረፍትህን ለክረምት ነው ያልከው፤ ቀደም ብታደርገው ደስ ይለናል። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ለአባባ ስትደውል ደግሞ፣ አደራህን፣ መጀመሪያ ስምህን ንገራቸው።

ደህና ሰንብትልን።
ታናሽ እህትህ