ያጠራሁት ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ? የባልሽ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የእማዬን ጤና ግን አልጠይቅሽም። አፈር ልብላ፣ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ከአራት ወር በፊት ከእማዬ አንገት እብጠት በመርፌ የተወሰደውን ናሙና የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራተኛ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ደብዝዞበት፣ «ጠርጥሬያለሁ፣ ትልቅ ሆስፒታል ውሰጃት» ብሎሽ ነበር። አንቺ ግን በማይክሮስኮፑ የተነሳውን ፎቶ ለእኔ ላክሽው። እኔም በምሠራበት ላቦራቶሪ ኮምፒውተር አጥርቼ «ንጹሕ ነው፤ ሰውዬው መነጽር ይግዛ» አልኩሽ። ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ይህንኑ እንደነገርሽው ስትጽፊልኝ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሕዋስ እንደ ውሃ ስለሆነ ብርሃን ዝም ብሎ ያልፍበታል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ለብርሃኑ የተሠራ ቀለበት ሲገባ ግን ጠርዙ ብቅ ይላል። ከዚያ ደብዛዛውንና ጥርት ያለውን ምስል ጥንድ ጥንድ እያደረግን ኮምፒውተሩን እናስተምረዋለን፤ ኋላ ደብዛዛውን ብቻ ሲሰጡት ጥርት ያለውን ራሱ ይሠራዋል። ጥንዶቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የታመመ ሰው ናሙና ለማግኘት ፊርማው ስለሚበዛ ሰነፍኩና የጤነኛ ብቻ ሰጠሁት። ክፉ ሕዋስ አይቶ የማያውቅ ኮምፒውተር በእማዬ ፎቶ ላይ የሚያውቀውን ጤነኛ ሕዋስ ሣለበት። እኔም ማማሩን አይቼ ደረቴን ነፋሁ።

አለቃዬ ለሙከራ ፈልጎት ላኪልኝ ያልኩሽ የእማዬ ናሙና ያለበት መስታወት (ስላይድ) ባለፈው ሳምንት በመንገደኛ እጅ ደረሰኝ። ኮምፒውተሩን ትቼ፣ ቀለበቱን አስገብቼ በዓይኔ አየሁት። ካንሰር ነው፣ እትዬ። ለጀማሪ እንኳ የሚታይ ነው።

ለአለቃዬ ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ ደስ አለው። «እንዲህ ያለ ስህተት ለምርምር ጽሑፋችን ስንፈልግ ነበር» አለኝ። አሁን ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ኮሪደሩ ላይ ተለጥፈዋል። እንግዶች በመጡ ቁጥር አለቃዬ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደተሸወደ እያሳየ ያስቃቸዋል። ውሌ በሚቀጥለው ወር ስለሚታደስ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጥርሴን አሳያለሁ። ፎቶው እንዲታተም የታማሚዋ ፈቃድ ያስፈልጋል። «የእናትህ መሆኑ በጀን» አለኝ፤ «በሕይወት እያለች ትፈርም፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ይበዛል።»

ደብዳቤው እንደደረሰሽ ሆስፒታል ውሰጃት። መጀመሪያ የክሊኒኩን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቂና ወደ ሆስፒታል ማስተላለፊያ ይጻፍልሽ። በሩን ቢዘጋብሽ አትፍረጂበት፤ በአንቺ አፍ የሰደብኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባልሽን ሲጋራውን ተው ብሎሃል በይው። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ፤ እማዬ «የልጄ መሣሪያ ነጻ አወጣኝ» እያለች የነገረቻቸውን ግን አንቺው አስተባብይ፣ እኔ አፍ የለኝም። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። የፈቃዱን ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አስፈርሚያት። ምንድን ነው ካለችሽ፣ ልጅሽ የላከው ነው በያት። አንብቢልኝ አትልሽም።

ወንድምሽ

ከላቦራቶሪው ምድር ቤት፣ ጥር ፲፱ ቀን