ስፌት ቤቱ በስምሽ ነው

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምሽም ጢም አብቅሎ ቁርጥ አባትሽን መስሏል።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። በትርፍ የከፈልኩት የስፌት ቤቱ ግብር ይመለስልኝ ብዬ ሁለት ዓመት ግብር ቢሮ ተመላለስኩ፤ አግዳሚ ወንበራቸው ቀሚሴን ጨረሰው። ማክሰኞ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ፣ «እማማ፣ እዚህ ያለው ተመላሽ ሳይሆን ዕዳ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤትም እርስዎ አይደሉም፤ ልጅዎ ራሷ ትቅረብ» አለችኝ። እኔ የከፈልኩት በእኔ መዝገብ ተቀምጦ፣ ስፌት ቤቱ ባንቺ መዝገብ ምንም እንዳልከፈለ ይታያል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአገር ስትሄጂ፣ የሚመልስሽ ነገር ይኑር ብዬ በተውሽልኝ ውክልና የንግድ ፈቃዱን ወደ ስምሽ አዙሬው ነበር። ስትመጪ ልነግርሽ ነበር።

ጸሐፊዋ ላንቺ ብላ የሰጠችኝን መጥሪያ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር መሳቢያውን እቆልፋለሁ። ገና ከአውሮፕላን ስትወርጂ ቢይዙሽስ?

ጠባቂሽ አይተኛ፤ ክፉ አይይሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ ነይ ነይ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ኖሬአለሁ፤ ዘንድሮ ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ አትምጪ።