ሳይነሳ የቀረው የልብህ ፎቶ

ቶሌ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ነህ ብልህ አትመልስልኝ፤ እኔው ልንገርህ። ደህና ነን። ልጃችን ሲፈን በቁመት በልጣኛለች፤ ምላሷ ግን ያው የአንተው ነው። ቡራዩን ብታያት አታውቃትም፤ ከቤታችን ጀርባ የነበረው የገብስ ማሳ ላይ ፎቅ ቆሟል። ወርክሾፑን ታናሽ ወንድምህ ገመቹ ይዞታል። በርና መስኮት እንደ አንተ አሳምሮ ይበይዳል፤ እንደ አንተም ሰውን እምቢ ማለት አይችልም።

የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው። ባለፈው ወር ብረት ተሸክሞ ዳገቷን ሲወጣ ደረቱን ይዞ ቆመ። ምን ሆንክ ስለው፣ «ጨጓራዬ ነው እትዬ፣ ተልባ አጠጪኝ» አለኝ። ቶሌ፣ ይህንኑ ቃል እዚያው ዳገት ላይ ከአንተ አፍ ሰምቼዋለሁ።

አንተም ጨጓራ ነው እያልክ ስንት ተልባ ጨረስክ! ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነበር፤ አንዱ አጃ ሲል ሌላው ወተት ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተ መች ደበቅህ፣ ሁላችንም ስሙን ተሳሳትነው እንጂ። በመጨረሻ የሄድንበት ዶክተር ግን ዳገት ላይ የሚይዝህ፣ ስታርፍ የሚለቅህ ከሆነ ይሄ የልብ ነው አለ። ተኝተህ የተደረገልህ የልብ ምርመራ ምንም አላሳየም። ስለዚህ ለልብህ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበው እንደሆነ በሲቲ ስካን ይታይ ተባለ። ቢላ የለም፣ ወደ ልብ የሚገባ ሽቦ የለም። ክንድህ ላይ መድኃኒት ይወጉሃል፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ማሽኑ ፎቶ ያነሳል። መቀደድ የምትፈራው ሰውዬ፣ ያን ዕለት ከደስታህ ብዛት መንገድ ላይ ብቻህን ስትስቅ ሰው ዞሮ አየህ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ነገሩን። ልብ ቶሎ ቶሎ ከመታ ፎቶው ይደበዝዛል። ከዋዜማው ጀምሮ ቡና አትቀምስም፣ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን ትውጣለህ፣ እስከዚያው ከባድ ሥራ የለም፤ ተረጋግተህ ና አሉህ። ተረጋጋ! በዚያ ሰሞን! ከተማው ወደ መሬታችን ሊሰፋ ነው በተባለበት ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነስቶ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ጭስ የሚዘጋበት፣ የማን ልጅ ወጥቶ እንደቀረ በሹክሹክታ የሚወራበት ጊዜ ነበር። ሚኒባስ ሲቆም መግቢያም መውጫም የለንም። ቤት ተቀምጠን ኮሽ ባለ ቁጥር እንደነግጥ ነበር።

ጎረቤቱ ደግሞ ተራ በተራ መምጣት ጀመረ። «ኦቦ ቶሌሳ፣ እባክህ በሬ ላይ ከውስጥ መወርወሪያ አድርግልኝ።» ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩህ። «ጎረቤት ፈርቶ መጥቶ እንዴት እምቢ ይባላል?» አልከኝ። ልብህ ይርጋ በተባለበት ሳምንት ብረት ስትሸከምና ስትበይድ ከረምክ። መንደሩን ሁሉ ከውስጥ ቆለፍከው፤ መጨረሻ ላይ የኛንም በር።

የቀጠሮው ቀን ኪኒንህን ውጠህ፣ ነጭ ሸሚዝህን ለብሰህ አስፋልቱ ዳር ቆምን። ላይም ታችም ተዘግቷል። በእግር እንሂድ ብለህ ጀመርን፤ ብዙም ሳንርቅ ተኩስ ስንሰማ ተመለስን። «ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም፣ ነገ እንሄዳለን» አልክ፤ ፊትህ ግን አመድ መስሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረትህን ይዘህ ተቀመጥክ።

ከገመቹ ጋር ትቼህ ወጣሁ። መኪና ያለውንም የሌለውንም ሰው በር ሁሉ ደበደብኩ። ዓለሚቱ ነኝ፣ ቶሌሳ ሊሞትብኝ ነው እያልኩ ጮህኩ። ውጭው ግርግር ነበር፤ ገሚሱ ድምፄን አልለየም፣ የለየውም ፈራ። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገፋ ይሰማኝ ነበር፤ ሊከፍቱልኝ መስሎኝ ስጠብቅ ለካ አጥብቀው እየዘጉት ነው። አንተ የበየድከው ብረት፣ ቶሌ። የከፈቱልኝ እማማ ብርቄ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መኪናም የላቸው፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ተከትለውኝ ሮጡ። ስንደርስ ገመቹ አቅፎህ ያለቅሳል። አልጠበቅኸንም።

ለለቅሶህ ሁሉም መጡ። ያልከፈቱልኝ ሁሉ አልቅሰው አልወጣላቸውም። ማንንም አልረገምኩም፤ ፈርተው ነው፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው። ነገር ግን ያ የብረት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ ደጅ ቆሜ በር የተዘጋብኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ ገመቹን ተልባውን ከልክዬ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ ስለነበር በሲቲ ስካኑ ቀጠሮ ዋዜማ ከተማ ገብተን እህቴ ቤት አደርን። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ትንፋሽህን ያዝ ሲሉት እኔም ያዝኩ። ዶክተሯ በኋላ ፎቶውን ከኮምፒውተሩ ላይ አሳየችን፤ የልቡ ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው አንዱ ላይ ጠበብ ያለ ቦታ አለ። በጊዜ ደርሳችኋል፣ በመድኃኒትና በጥንቃቄ ይያዛል አለችን። ገመቹ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፤ አልዋሽህም፣ ቅናትም ነበር። የአንተን አላየሁትማ።

ቤት እንደገባን ገመቹን አንድ ነገር ለመንኩት፤ የእኛን በር መወርወሪያ ቁረጥልኝ አልኩት። የአንተ እጅ ሥራ ነው ብሎ አንገራገረ፤ ግን ቆረጠው። ሲፈን፣ «እማ፣ ግርግር ቢመጣስ?» አለችኝ። ለዚያ ነው ያስቆረጥኩት አልኳት።

ሙት ዓመትህን ሰው ሰብስቤ አወጣለሁ፣ ስምህን ከአፌ አልለይም፤ ይሄ ያለ ነው። ከዚህ በኋላ ግን የማስታውስህ እንዲህም ነው፦ በራችንን ማንም ቢደበድብ፣ ውጭው ምንም ቢሆን፣ ማነው ሳልል እከፍታለሁ።

ያንተው ዓለሚቱ