አባባ ከመጨረሻው ባቡር የተቀበሏት ሴት

ውድ እትዬ ቺዙሩ፣

ትናንት ደውዬልሽ «ሃሎ» ስትዪ መናገር አቃተኝና ዘጋሁት። የደወልኩት እኔ ነበርኩ። አባባ አርፈዋል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ተዘጋ። ሠራተኛው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ከኩሩሚዛዋ ጣቢያ ተሳፍሮ ወጣ። አባባ ጡረታ ሲወጡ በምትካቸው የጣቢያ ኃላፊ አልተመደበም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ቆባቸውን አድርገው የመድረኩን በረዶ ይጠርጉ ነበር።

ጎረቤቶች «ጡረታ ወጥተህ ምን ያለፋሃል?» ሲሏቸው፣ «ሰው አዳልጦት ቢወድቅስ?» ይላሉ። ማንን እንደሚጠብቁ እማማም እኔም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥተን አልተናገርንም እንጂ። «ያንን የሠራተኛ ማኅበር ሰው ካገባሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ካሉሽ ወዲህ ስምሽን አንስተው አያውቁም። በእርጅናቸው መርሳት ሲጀምራቸው ግን ከሁሉ አስቀድመው የረሱት ቁጣቸውን ነው።

ባለፈው መጋቢት የባቡር መስመሩ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ጣቢያችን ፎቶ ሊያነሱ ከሩቅ በመጡ ሰዎች ተጨናነቀ። አባባን ደግፌ ቆሜ ሳለ በአንቺ ዕድሜ ያለች፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ለፎቶ ከባቡሩ ወረደች። አባባ እጃቸውን ከእጄ መንጭቀው ሄደው ፊቷ ቆሙ።

«ቺዙሩ! ምነው እንዲህ ቆየሽ?»

«ይቅርታ እመቤት፣ አባቴ መርሳት…» ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

«ባልሽስ? ለምን ጥለሽው መጣሽ? ይዘሽው ነይ እንጂ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። ዕንባዬን ሳታይ አልቀረችም። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ መጣሁ» አለቻቸው።

«እሰይ! ብርዱ ገድሎሻል። ነይ፣ እናትሽ ሾርባ አሙቃ ትጠብቅሻለች።»

እማማ ሞታለች ብዬ እንዴት ላርማቸው? ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። ሴትዮዋ በዚያ ባቡር የመጨረሻ ጉዞ ለመሄድ ከኦሳካ ድረስ ነበር የመጣችው። ባዶ ወንበሯን ይዞ ሲሄድ ዞራም አላየችው። ከእኛ ጋር ቤት ገባች። አባባ የሚጣፍጠውን የዓሣውን የሆድ ሥጋ እየለዩ ሳህኗ ላይ ሲያስቀምጡላት እየተቀበለች በላች።

እትዬ፣ አልወቅስሽም። ግን ያ ይቅርታ ያንቺ ነው፤ እጅሽ ይግባ ብዬ ነው የምጽፈው።

አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዳቸው እማማ ፎቶ አጠገብ ተቀምጧል። መነኩሴው «መቼ ነው የሚቀበሩት?» እያሉ ይጠይቁኛል። እህቴ እስክትመጣ አልቀብራቸውም ብያለሁ።

ታናሽሽ ፉሚኖ