ራሷ የተኛበት አጥቢያ

ሰኞ፣ ግንቦት 6
ዝናብ። ከትናንት የተረፈውን የበግ ሥጋ በላሁ። የአጥቢያችንን የማርልኮትን ታሪክ ስጽፍ ዋልኩ... ገና የወፍጮ ቤቱ ምዕራፍ ላይ ነኝ። ረቡዕ የአጥቢያውን ድንበር የምንዞርበት ቀን ነው። ቄስ ትራስለር መጥተው “ዘንድሮም እርስዎ ይምሩን” አሉኝ። ከእኔ ሌላ ድንጋዮቹን ማን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 8
አጥቢያው ሁሉ የአኻያ አርጩሜ ይዞ ወጣ። እንደ ልማዱ እያንዳንዱን የድንበር ድንጋይ እየገረፍን ሄድን። ከጎረቤታችን ከዳግበሪ አጥቢያ የሚለየን ድንበር በሄስተር ፓይበስ ቤት መሃል ነው የሚያልፈው። ሌላ ጊዜ ለይሉኝታ ብለን በጓሮ እንዞር ነበር። ዘንድሮ እምቢ አልኩ። በወጥ ቤቷ መስኮት አስገባኋቸው።

ልቧን ታማ ተኝታለች። የመለኪያ ገመዱን ከድንበር ድንጋይ እስከ ድንበር ድንጋይ ወጠርኩት። በሆዷ ላይ አለፈ። እግሯ ማርልኮት፣ ራሷ ዳግበሪ። ሥጋ ሻጩ “እግሯን እኛ እንቅበር፣ የቀረውን እነሱ” አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የድሮውን ደንብ ነገርኳቸው። ሰው የሚቆጠረው ራሱን አሳርፎ በሚተኛበት አጥቢያ ነው። መቃብራችን ደግሞ ስለጠበበ ለአጥቢያው ሰው ብቻ ሆኗል።

“ታዲያ ባሌ አጠገብ አልቀበርም ማለት ነው?” አለች።

“ዳግበሪም አፈር አለ” አልኳት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9
ኤሞስ መጀመሪያ የኔ እጮኛ ነበር። በመከር ጭፈራ ላይ ሄስተር ነጠቀችኝ። ባሏ ሆኖ ኖረ፣ ባሏ ሆኖ ሞተ... አጠገቡ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጨካኝ ነኝ? እንግዲያው ልሁን። ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ ግንቦት 12
ከጸሎት በኋላ ቄሱ “አልጋዋን ብናዞርላትስ?” ብለው ለመኑኝ። ከተለካ በኋላ አልጋ ማዞር ማጭበርበር ነው አልኩ። የአጥቢያው ሽማግሌዎችም ደንቡን ደግፈው ከኔ ጋር ቆሙ። ቦታውን ለራሴ ጠየቅሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 14
ቄሱ ዛሬም መጡ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ዓርብ፣ ግንቦት 24
ሄስተር ትናንት ዳግበሪ ተቀበረች። ቦታው የኔ ሆነ። ቄሱ ሲፈቅዱልኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሳትሞት ቦታውን ለራሴ እንደጠየቅሁ ልነግራት ሄጄ ነበር... ደስታዬን ፊቴ ላይ እንድታየው። አላለቀሰችም።

“ውሰጂው ዊኒ” አለች። “ግን የምትተኚው በግራው በኩል ነው። ግራ ጆሮው እንደማይሰማ ታውቂ ነበር?”

አላውቅም ነበር። ለካ ጦርነት ላይ ነው የደነቆረው፣ ከተለያየን በኋላ። ማን ይነግረኛል?

“እኔ ትከሻውን ነካ አድርጌ ነበር የማናግረው” አለች። “ያንቺን እጅ ግን አያውቀውም።”

ተነስቼ ወጣሁ።

ዛሬ ከመቃብሩ በስተግራ፣ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ቀስ ብዬ “ኤሞስ” አልኩ። ሁለተኛ ስጠራው ጮኼ ነበር።