በአውራ ጣት የሚከፈት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቀዳጇ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩ እምቢ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ጤና ነው። እናትሽ ግን ደህና አይደለችም። በስልክ ያልነገርኩሽ ልደብቅሽ ፈልጌ አይደለም። ስንደውልልሽ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ በእኔና በእሷ መሃል ትራስ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ እየሰማች ስለ እሷ ማውራት አልሆነልኝም። አሁን እሷ መኝታ ቤት ጋደም ብላለች፤ እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሙጫውንና ካርቶኑን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው "ትንሽ ደክሞኛል" ያለችሽ እጇን ነው። ሁለቱም እጆቿ ከድተዋታል። ማንኪያ ትይዝና አፏ ሳይደርስ ይወድቃል። የሹራቧን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ፀጉሯንም የማበጥረው እኔ ነኝ፤ እሱንም "ኧረ ቀስ በል፣ ካርቶን የምታጥፍ መሰለህ እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች። ምላሷ እንደሆነ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን ነው።

እንዴት እንዳወቅን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

አንድ ብስኩት አምራች ለፋብሪካችን ትእዛዝ ሰጠ። ሽማግሌም ሕፃንም ያለ መቀስ፣ ያለ ቢላ፣ በአውራ ጣቱ ብቻ የሚከፍተው ካርቶን አውጡልኝ አለ። ሥራው ለእኔ ደረሰ። የእኔን ሥራ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ቀዳጅ የሚለው ስምሽም የወጣልሽ በልጅነትሽ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብለሽ ናሙናዎቼን ስትቦጫጭቂ አይደል? ስፌት የምንለው ነገር ክር የለውም። ምላጩ ካርቶኑን ይበሳል፣ ትንሽ ይዘልላል፣ ደግሞ ይበሳል። ሳይበሳ የሚቀረውን ሥጋ እንለዋለን። ሥጋው ከበዛ ሰው ካርቶኑን በጥርሱ እየጎተተ የሠራውን ይራገማል። ካነሰ ደግሞ ሱቅ ሳይደርስ መኪና ላይ ይተረተራል። እንግዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥጋ ስመጥን ነው። ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ እስካሁን "ማሸጊያ" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ፋብሪካው ካርቶን ለመቅደድ የሚፈጀውን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ አለው። መሣሪያው ግን አይሳደብም። እናትሽ ትሳደባለች። ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ናሙናዬን ሁሉ ቤት አምጥቼ መጀመሪያ የማስከፍተው እሷን ነው። የብስኩቱንም የመጀመሪያ ናሙና ሰጠኋት። ከአክስትሽ ጋር በስልክ እያወራች ነበር፤ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ አውራ ጣቷን ከካርቶኑ ከንፈር ሥር አስገብታ ሳብ አደረገችው። ጠርር ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ተከፈተ። ስልኩን ሸፈን አድርጋ "ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄን ስጣቸው" አለችኝ። እኔም እንዲህ ያለ ስፌት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ናሙናውን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሳቢያዬ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ ደንበኛው ሥዕሉን እንቀይር፣ ቀለሙን እናድምቅ ሲል ከረመ። ሥዕሉ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ናሙና ቤት አመጣለሁ። ስፌቱ ያው የመጀመሪያው ነው። እናትሽ ግን "ዛሬስ ምን ነካው? ድንጋይ ሆኗል" አለችኝ። ምላጩ ደነዘዘ አልኩ። ምላጭ የሚተክልልን ባልደረባዬ፣ ሚስማር የምንለው፣ አዲስ ምላጭ ተከለልኝ። አሁንም ድንጋይ ነው አለች። አዲስ የገባው ወረቀት ነው አልኩ፤ ወረቀት አስቀየርኩ። ያ ሰሞን ደግሞ ዝናቡ አላባራም፤ እርጥበት ነው አልኩ። እርጥበት የነካው ካርቶን ይለሰልስና በስፌቱ በኩል መቀደድ እምቢ ይላል፤ ይህ በሙያችን የታወቀ ነው። ካርቶኖቹን ምድጃ አጠገብ ደርድሬ አደረቅኩ። በየመሃሉ ሥጋውን ቀነስኩ፣ ደግሞ ቀነስኩ። በቀነስኩ ቁጥር ትንሽ ጊዜ ይከፈትላታል፣ ከዚያ እንደገና እምቢ ይላታል።

መሣሪያው በጣም ላላ ይለኛል፣ እናትሽ ጠንካራ ነው ትለኛለች። ማንን ያመንኩ ይመስልሻል? መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ጠጋኝ አስጠራሁ። ካርቶኑን ገልብጬ አየሁ፣ በማጉያ አየሁ፣ በመስኮት ብርሃን አየሁ። የያዘውን እጅ አላየሁም።

ካርቶኑ ታተመ፣ ብስኩቱ ተሞላ፣ ተጫነ። መኪናው ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ግማሹ ካርቶን አፉን ከፍቶ ነበር። ብስኩቱ አስፋልቱ ላይ ተንኮታኩቶ መኪና ሲሄድበት ዋለ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ።

"ምን ነካዎት?" አለኝ። "ይሄ እኮ ጀማሪ የማይሠራው ስህተት ነው።"

"ባለቤቴ መክፈት ስላቃታት ነው የቀነስኩት" አልኩት።

"መሣሪያውስ ምን አለ?"

"መሣሪያው ተበላሽቷል።"

"ጠጋኙ ፈትሾታል። ምንም አልሆነም።" ሊቆጣኝ አፉን ከፍቶ ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገና "ባለቤትዎን ሐኪም አይቷቸዋል?" አለኝ።

ልጄ፣ እንደዚያ ሲለኝ ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። እናትሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት ጣቶቼን ዘርግቼ ሰጠኋት።

"ጨብጪኝ" አልኳት።

"ምን ሆነሃል አንተ? በዚህ ዕድሜያችን?"

"ዝም ብለሽ ጨብጪኝ።"

እጇን ጣቶቼ ላይ አደረገች። ጠበቅኩ። "ጨብጪ እንጂ" አልኳት።

"ጨብጬሃለሁ እኮ" አለችኝ።

አንዳንዱን ናሙና እኔ ዘወር ስል በሹካ ወግታ ትከፍተውና "ተከፈተ" ትለኝ እንደነበር ያን ዕለት ነገረችኝ። "ሥራህን ስትወደው እያየሁ እንዴት ላስከፋህ" አለች። አንጀቴን በላችው።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን። ረጅም ስም ነው። መድኃኒት አለው ወይ ብዬ ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ማጽዳት ጀመረ፤ መልሱን ከዚያው አወቅኩት። ከዚያ ወደ እናትሽ ዞሮ "እናትዎስ? እጃቸው እንዴት ነበር?" አላት። "በኋላ በኋላ ብርድ መታት እንጂ ደህና ነበረች" አለችው። አያትሽ በመጨረሻ ዘመኗ ኩባያ በሁለት መዳፏ ታቅፋ ስትጠጣ አንቺም ሳታስታውሺ አትቀሪም። ሁላችንም ብርድ ነው ስንል ኖርን። ሐኪሙ ጥቂት ጻፈና "ልጆችስ አሏችሁ?" አለ። እናትሽ "አንዲት" አለች። ከዚያ "ቦርሳዬን አንሣልኝ፣ እንሂድ" ብላ ተነሣች። ሐኪሙ ገና እያወራ ነበር።

እኔን ከንድፍ ክፍል አውጥተው ወረቀት መጋዘን አስገብተውኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። ንድፉን አሁን ሌላ ሰው ይሠራዋል። እኔ የገባውን እቀበላለሁ፣ የሚወጣውን አስወጣለሁ፣ ሲደክመኝ የወረቀት ጥቅል ላይ እቀመጣለሁ። ሚስማር አንዳንዴ ሻይ ይዞልኝ ይመጣና ስለ ሥራ አንዲት ቃል ሳያነሣ ጠጥተን ይሄዳል።

ቤት ግን አላቆምኩም። እናትሽ አንድ ቀን ጎረቤታችን ስታጎርሳት ቆይታ ከሄደች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ "ከሰው እጅ መብላቱን ለመድኩት። ግን ቢያንስ የምበላውን እኔ ልክፈተው። በቀን አንድ ነገር እንኳ እኔ ራሴ ልክፈት።" ከዚህ ሌላ የለመነችኝ ነገር የለም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ መስመር የሚያወጡበትን ጥርሳም ትንሽ ጎማ ገዛሁና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን እበሳላታለሁ። አውራ ጣቷ እምቢ ሲል ሙሉ መዳፏ የሚገባበት ሰፊ ጆሮ ሠራሁላት። መዳፏ እምቢ ሲል አንጓዋን የምታስገባበት ቀለበት ቆረጥኩ። ቀለበቱ ሲያቅታት በክርኗ ተጭና የምትሰብረውን አመጣሁ። እያንዳንዱ ትንሽ ቀን ይሠራል። ሲሠራ ብታያት! ብስኩቱን አትበላውም እኮ፣ ካርቶኑን አፉን እንደከፈተ አጠገቧ አስቀምጣ ታየዋለች። እኔም የተሳካልኝ መስሎኝ ማታ ጥሩ እተኛለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተጭና፣ ተጭና፣ ቀና ብላ ታየኛለች።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ሠራሁ። ሥጋው ከፀጉር አይበልጥም። ትንፋሼን ይዤ ከኩሽና እስከ አልጋዋ አመጣሁት። ጭኗ ላይ ሳስቀምጠው፣ ገና ሳትነካው፣ ራሱን ከፈተ።

"ቀደመኝ" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን ሲያልቅ "በቃ፣ አትድከም" አለችኝ። ከዚህ በታች የሚቀነስ ነገር የለም፣ ልጄ። ከዚህ በታች ካርቶን አይባልም። የማውቀውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ ሌላ የማውቀው የለኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ስንደውልልሽ፣ እዚያ መነጽር መሥሪያ ቤት የዋልሽበትን ስታወሪን፣ የመነጽር ቡሎን ከእጅሽ እያመለጠ ሲያስቸግርሽ መዋሉን እየሳቅሽ ነገርሽን። "ጣቶቼ ሰንፈውብኛል፣ ብርዱ ነው መሰለኝ" አልሽ። እውነትሽን ነው፤ የእናንተ አገር ብርድ እንደሚያደነዝዝ ሰምቻለሁ። ጓንት አድርጊ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳላወራች ልብ ብለሽ ይሆናል። ደክሟት ነው። ስልኩ እንደተዘጋ ወደ ግድግዳው አዙረኝ አለችኝና አዞርኳት።

በማግስቱ ላንቺ ካርቶን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሦስት አዘጋጀሁ፦ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የላላ። እናትሽ በበሩ አየችኝ።

"ለማን ነው?"

"ለልጅሽ። ብስኩት ልልክላት ነው።"

"ሦስት ምን ያደርግላታል?"

"ስፌታቸው ይለያያል። የትኛው በቀላሉ እንደሚከፈትላት ትነግረኛለች። ለሥራ ነው" አልኳት።

የትኛው ሥራ ብላ አልጠየቀችኝም። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እንዳሳያት አደረገች። ከዚያ "የላላውን አውጣው" አለችኝ። "መካከለኛውንም አውጣው። ለልጄ የላላ አትልክም። ያንን የመጀመሪያውን፣ ስልክ እያወራሁ የከፈትኩትን ዓይነት ላክላት።"

ስለዚህ እሱን ብቻ ልኬልሻለሁ። ስፌቱ ከመሳቢያዬ ናሙና ላይ የተለካ ነው፣ ያው ነው። ሲደርስሽ ቁጭ በይ፣ እጅሽን አሙቂ። አውራ ጣትሽን ከንፈሩ ሥር አስገቢና ሳቢው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳቢው። እንዴት እንደሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ፤ በስልክ አትንገሪኝ። ደግሞ እኔን ላለማስከፋት ብለሽ "ተከፈተ" እንዳትይ፤ ይህን ካንቺ በፊት የሞከረች አለች። ከተከፈተልሽ ብስኩቱን በሻይ ብዪ። ካልተከፈተልሽ ደግሞ አትደንግጪ። መንገዱ ረጅም ነው፣ በባሕር ነው የሚመጣው፤ እርጥበት ነክቶት ይሆናል። እርጥበት የነካው ካርቶን መቀደድ እምቢ ይላል፤ ይህ በሙያችን የታወቀ ነው።

እናትሽ ግንባርሽን ትስማለች፣ እኔም እንዲሁ። የነካሽው ይታዘዝልሽ፤ የጨበጥሽው ከእጅሽ አይውደቅ። የእኛን ዕድሜ ጨምሮ ለጣቶችሽ ይስጥልን።

አባትሽ

መቀስ እንዳትጠቀሚ።